ሸክማችሁን ተረከቡን፤ ተራራ ልንወጣ ነው

አማን ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ሴቶች ተሰብስበን በእቁብ ብራችን ባሌ ልንወጣ፣ የደጋውን ሜዳ በአበባው ወራት ልናይ ነው ብለን ለአንዲት ጎረቤት ሹክ ብንል፣ ሳይመሽ ሚዛን መናኸሪያ ደረሰ። በነጋታው ተራቢው ሁሉ ምላሱን ስሎ ጠበቀን። ይሁን። የሚተርብ በየተራው ይምጣ፤ መልሳችን ፈጣን ነው፣ ግን ከልብ ነው።

«እናንተ ደግሞ ተራራ! እግራችሁ ይችላል?» አለን አንድ ባለባጃጅ።

ወንድሜ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ባጃጅህ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ስታጓራ፣ ማዳበሪያ ሙሉ እሸት ቡና በጀርባዋ ይዛ አጠገብህ የምታልፈው ማን ናት? ያውም ታዝንልህና ሸክሟን አውርዳ ትገፋልሃለች። እኛ ዳገት የተማርነው በማገዶና በውሃ ጀሪካን ነው። ተራራ አዲሳችን አይደለም። አዲሳችን ጀርባችን ባዶ ሆኖ መውጣታችን ነው። አንተንም ግር ያለህ እሱ ነው እንጂ እግራችንንማ ታውቀዋለህ።

«አበባ ፍለጋ ከአማን ይወጣል? እዚህ ምን ጠፍቶ!» አሉ ጋሼ፣ ቡና ማስጫው አጠገብ ቁጭ ብለው።

ምንም አልጠፋም ጋሼ። በጋው ገፍቶ የመጀመሪያው ዝናብ ከወረደ በሳምንት በዐሥር ቀኑ የቡናው ቅርንጫፍ ነጭ በነጭ ይሆናል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚነሣበት ቦታ ሁሉ አበባው ተጨናንቆ ይወጣል፤ እያንዳንዱ አምስት ቀጫጭን የአበባ ቅጠል አለው፤ ሽታው ንቡን ከየቀፎው ይጠራል፤ በሁለት በሦስት ቀን ደግሞ ይጠወልጋል። እርስዎም እኔም ግን ያን አበባ እያየን የምንቆጥረው ኩንታል ነው። «ዘንድሮ ይይዛል? በረዶ ያረግፈው ይሆን? ዋጋውስ?» እንላለን። ሳንጠግበው ገበያ ይወጣል። በዕድሜያችን አንድ ጊዜ እንኳ ሚዛን ላይ የማይወጣ አበባ ማየት አማረን።

የምንሄድበትን ደግሞ ይወቁልን ጋሼ። ባሌ ውስጥ ዲንሾ የምትባል ከተማ ከመድረስዎ በፊት በተራሮች መካከል ጋይሳይ የሚባል ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። እዚያ ከሣሩ በላይ ራሱን የሚያወጣ ረጅም አበባ ይበቅላል፤ ከታች ቢጫ፣ ከላይ ቀይ። ሁለት ዓይነት ይመስላል፤ አንድ ነው። ከሥር ወደ ጫፍ ስለሚከፈት የፈካው ቢጫ ሆኖ፣ ተራውን የሚጠብቀው እምቡጥ ላዩ ላይ ቀይ ሆኖ ይቆያል። ትንንሽ ወፎች ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለሉ ማሩን ይቀስማሉ። በመካከሉ ደጋ አጋዘን ይግጣል፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር ዱር የለም። ከጎባ ሽቅብ ሲወጡ ከ4,000 ሜትር በላይ የሳነቴ አምባ ይዘረጋል። እዚያ ጅብራ ቆሟል። ጅብራ ዓመታት ሙሉ አበባ ሳይሰጥ ያድጋል፤ ከሰው ቁመት በብዙ ይበልጣል፤ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። በዓለም ላይ ከቀረው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ የሚበልጠውም በዚሁ በባሌ ተራሮች ነው የሚኖረው።

ከሳነቴ በደቡብ በኩል ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ሀረና ጫካ ይገባሉ። እዚያ የሚጠብቅዎትን ልንገርዎ ጋሼ? ቡና ነው! ሰው ሳይተክለው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ የጫካ ቡና፣ የኛው የአማኑ ዘመድ። ዩኔስኮ ይህን ሁሉ የያዘውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዓለም የመዘገበውን የአማን ሴት ብታየው የሚጎድል ነገር የለም።

«ይህ ሁሉ ሳር ቅጠል ለማየት?» አለ ሌላው፣ ማኪያቶውን እያማሰለ።

ያ ሳር ቅጠል ተለይቶ፣ ተሰይሞ፣ ተጽፎ ለማለቅ 30 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ ያለቀው በ2009 ነው። ወደ 6,000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዓይነት አለን፤ ከዐሥሩ አንዱ ገደማ ሌላ አገር አይገኝም። መድበሉን ካዘጋጁት ምሁራን መካከል ኢንጋ ሄድበርግ እና አገራችን ብዙ ዘመን የኖረችው ሱ ኤድዋርድስ ሴቶች ናቸው። እነሱ ዕድሜያቸውን የሰጡትን አንተ አንድ ቀን ሳትሰጠው አትናቀው። ማኪያቶህም እንዳይበርድብህ።

«የፈረንጅ ነገር ነው። በኛ ባህል ሴት ልጅ ለአበባ ብላ ሜዳ ለሜዳ አትዞርም» አሉ እትዬ።

እትዬ፣ ዘመን ሲለወጥ አደይ አበባ ሊለቅሙ በጠዋት ጤዛ አልረገጡም? አበባየሆሽን ሲዘፍኑ ያደጉት ማን ሆነው ነው? ነሐሴ ሲጋመስ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል እየተባለ ልጃገረዶች በቡድን ሜዳ ወርደው ለምለሙን ቆርጠው ወገባቸው ላይ ያስራሉ። በምንሄድበት በኦሮሞ አገርም እናቶች የሲንቄ በትራቸውን ይዘው በአንድነት ከወጡ መንገዱ ይለቀቅላቸዋል። ሴት ከሴት ጋር ሆና ለምለም ነገር ፍለጋ መውጣቷ ጥንትም የኛው ነው። የሚቋረጠው መቼ እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ ካገባን በኋላ ነው። ልጅነታችን የተፈቀደለትን እናትነታችን ተነጠቀ፤ እኛ እሱን ነው የምናስመልሰው። አንድ ቦታ ይዘንልዎታል፤ ይምጡ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ! ለመሆኑ ወንድ መሪ አላችሁ?»

መሪማ እንይዛለን። ዲንሾ ላይ የአካባቢውን ልጆች አስጎብኚ ቀጥረን ነው የምንገባው። የምንቀጥረው አገሩን የሚያውቅ ስለሆነ ነው፤ ሴት ብትሆንልን እሰየው። ያ ተረት ግን ካለቀ ቆይቷል፤ ኤቨረስት ላይ በብርድ ሞቷል። ጁንኮ ታቤይ የምትባል ጃፓናዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የሴቶች ተራራ ወጪዎች ክበብ አቋቋመች። ኤቨረስትን እንወጣለን ብለው ገንዘብ ሲጠይቁ «ልጃችሁን አሳድጉ» የሚል መልስ ሰሙ። እሷም የትንሽ ልጅ እናት ነበረች። ገንዘብ ሲያጥራቸው ከመኪና ወንበር ልብስ የእጅ መሸፈኛ ሰፉ። ተራራው ላይ የበረዶ ናዳ ድንኳናቸውን ቀበረው፤ እሷም ራሷን ስታ ከሥር ተጎትታ ወጣች። ከ12 ቀን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1975፣ በዓለም ታሪክ ኤቨረስት ጫፍ የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ልጇንም አሳደገች። ተራቢ ሆይ፣ ተረትህን አድሰህ ተመለስ።

«ልጄ፣ ብትታመሙስ? ቢያዳልጣችሁስ?» አሉ እማማ።

የእርስዎ ተረብ አይደለም እማማ፤ ፍቅር ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ነው የምመልስልዎ። ፍርሃትዎ እውነት አለው። ሂማላያ ውስጥ በአበባው የታወቀ አንድ ሸለቆ አለ፤ ዛሬ የሕንድ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ጆን ማርጋሬት ሌግ የምትባል እንግሊዛዊት የዕፅዋት ባለሙያ እዚያ አበባ ስትሰበስብ ድንጋይ አዳልጧት ሞተች። መቃብሯ እዚያው አበባው መካከል ነው። ተራራ ንቀት አይወድም፤ እኛም አንንቀውም።

አማን ከ1,500 ሜትር በታች ያለች ቆላ ቀመስ አገር ናት፤ ዲንሾ ከ3,000 በላይ፣ የሳነቴ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። አየሩ ከፍ ባለ ቁጥር ይሳሳል፤ ቸኩሎ የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዲንሾ አድረን እንለምዳለን። ከዚያ በኋላም ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችንን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አንጨምርም። አንዷ ራስ ምታቱ ከጠናባት «ቻይው» አንላትም፤ ወደ ታች ይዘናት እንወርዳለን፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። የምንሄደው በዝግተኛዋ እግር ልክ ነው። ፈጣኗ ከኋላ ትሆናለች እንጂ ዝግተኛዋ ብቻዋን አትቀርም።

ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ውሃ ያረጋል፤ ጋቢ ብቻ አይበቃም፤ ወፍራም ካልሲ፣ ጓንት፣ የዝናብ ልብስ ተይዟል። ኮንጎ ጫማ አድርጋ የምትመጣ አትሳፈርም፤ ገና ሳንነሣ ሁላችንም ጫማችንን አማን ጭቃ ላይ እያደረግን እያላመድን ነው። ስንቁ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ነው። ሞዴስም ለሁላችን የሚበቃ ተይዟል፤ ያገለገለውን እዚያ ሳንጥል ይዘን የምንመለስበት ላስቲክ ጭምር። ይህን ጮክ ብለን የምንናገረው ብዙ ሴት መንገድ የሚያስቀራት ተራራው ሳይሆን ይህን አፍ አውጥቶ የሚጠይቅላት መጥፋቱ ስለሆነ ነው። እማማ፣ ምርቃትዎን ብቻ ይጨምሩልን።

«ያን ብር ለቁም ነገር ብታውሉት!»

የቡና ብር በገባ ሰሞን ግሮሰሪ ውስጥ የቢራ ሣጥን በሣጥን ላይ ሲከመር ቁም ነገር የሚለው ቃል የት ሄዶ ነበር? ይህ እቁብ ዩኒፎርም ገዝቷል፣ ቆርቆሮ አልብሷል፣ የታመመ አሳክሟል። አንድ ዙር ለራሳችን ቢሆን አገር አይፈርስም። ደግሞ ብሩ ዲንሾ ላይ መንገድ የሚመራውን፣ ፈረስ የሚያከራየውን፣ ምግብ የሚያበስለውን ሰው ቤት ይገባል። ከተራራው እንጀራ የሚያገኝ ሰው ተራራውን ይጠብቃል። ቁም ነገር ይኸው።

«እና ወጡን ማን ይሥራው?»

ማማሰያው ጾታ አይጠይቅም። ሽንኩርቱ ጓዳ ነው፣ በርበሬው ከመደርደሪያው ላይ ነው። ልጆቹም ትምህርት ቤታቸውን ያውቁታል፤ የሚጠብቁት እጃቸውን የሚይዝ አባት ነው። ሲያርርባችሁ አትደውሉ፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ እንደ ልብ አይገኝም። እኛም የመጀመሪያውን ወጥ አሳርረናል፤ ሁለተኛው ይጣፍጣል።

መጨረሻ ላይ አንዱ መጣና የተረቡን ሁሉ እናት ጠየቀ፦ «እሺ፣ ስትመለሱ ምን ይዛችሁልን ትመጣላችሁ?»

ምንም። ፓርክ ውስጥ አበባ አይቀጠፍም፤ ጅብራ አይነካም፤ ድንጋይ እንኳ አይነሣም። ዕድሜያችንን ሙሉ ከሄድንበት ሁሉ ለቤቱ የሆነ ነገር ተሸክመን ነው የገባነው፤ ከጫካ እንጨት፣ ከወንዝ ውሃ፣ ከገበያ አስቤዛ፣ ከልቅሶ እንኳ የተበደርነውን ሰፌድ። ከባሌ ባዶ እጃችንን፣ ባዶ ጀርባችንን እንመለሳለን። ከዚህ በኋላ በየዓመቱ እንዲህ ነው፤ ከአሁኑ ልመዱት።