ዕጣን ያጋለጠው መስኮት

ሐበሻ የሚፈራውን በቅደም ተከተል ጻፍ ብባል ንፋስን ከአንበሳ አስቀድማለሁ። አንበሳን ፎክረን እንወጣበታለን፤ ለንፋስ ግን የታክሲ መስኮት ዘግተን እንደበቃለን። በጠራራ ፀሐይ፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ላብ በላብ የሆነው ተሳፋሪ ሁሉ ተሳስቶ መስኮት የከፈተውን ወጣት "ኧረ ዝጋው፣ ልታስመታን ነው!" እያለ ሲረባረብበት ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ወገባችንን የሚይዘን ንፋስ ነው። አንገታችንን የሚያጣምመን ንፋስ ነው። ሐኪሙ ሌላ ስም ከሰጠው ሐኪሙ ገና ልጅ ነው።

ይህን ፍርሃት በሻንጣችን ይዘን ሄደን ሄደን የሰፈርነው ደግሞ ሚኒሶታ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ሚኒያፖሊስ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ያ ሙቀት ከተባለ። ለንፋስ ፈሪ ሕዝብ እንዲህ ያለ አገር ቅጣት ይመስላል፤ እኔ ግን ካሳ ነው እላለሁ። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን "በመስኮት በኩል ብርድ ይገባል" ሲሉ የሰማቸው አልነበረም። እዚህ የኢነርጂ ሚኒስቴሩ ራሱ መስክሮላቸዋል፤ ቤት ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ከሚውለው ኃይል ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በመስኮት በሚያልፍ ሙቀት ሰበብ የሚጠፋ ነው።

የእኛ ቤት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ የእንጨት ቤት ነው። 14 መስኮት አለው። አብዛኞቹ ወደ ላይ እየተገፉ የሚከፈቱ፣ ግድግዳው ውስጥ በተደበቀ ብረትና በገመድ የሚመዘኑ ናቸው። ገመዱ የተበጠሰበት ተከፍቶ አይቆምም፤ የልጅ ልጅ ልታይ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ የወጥ ቤቱን መስኮት በዘነዘና ደግፋ ነው የምትከፍተው። ብረቱ የሚንጠለጠልበት ባዶ ሣጥን ደግሞ የብርድ መጋዘን ነው። ጥር ላይ ሁላችንም ሶፋውን ወደ ቤቱ መሀል ስበን፣ ጋቢ ደርበን መኖር ስንጀምር ባለቤቴ መስኮት ከሚሸጥ አንድ ድርጅት ሰው ጠራች።

ሰውየው ትሁት ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ስለገባ እማዬ ወደደችው። መስኮቶቹን በዓይኑ ቆጠረና "ሁሉም መቀየር አለባቸው" አለ። ዋጋውን ሲነግረኝ፣ ቶዮታ መኪና፣ ያውም አዲስ፣ በዓይነ ኅሊናዬ ግቢያችን ገብታ ስትወጣ ታየችኝ። ደግነቱ ትልቅ ቅናሽ አለ፤ ቅናሹ ግን ዛሬ ማታ ያበቃል። እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ መርካቶ ያደገች ስለሆነች ግን "ዛሬ ብቻ" የሚል ነጋዴ ፊቱ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። "ልጄ፣ ይሄ ሰው ቡና ሳይጠጣ አይወጣም በለው" አለችኝ። የቡናው ሽታ የማያልፋቸው ጎረቤታችን ጋሼም በዚያው ከተፍ አሉ።

አቦሉ እስኪደርስ ሰውየው ይዞት ከመጣው ሣጥን ውስጥ የሚያቃጥል አምፖል አወጣ። በአምፖሉና በእጄ መካከል ተራ መስታወት ሲያስገባ መዳፌ ጋለ፤ የራሱን መስታወት ሲያስገባ አምፖሉ የጠፋ መሰለኝ። ማጭበርበር የለበትም። በዘመናዊው መስታወት ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የብር ቅብ አለ፤ ብርሃኑን ያሳልፍና ሙቀቱን ወደ መጣበት ይመልሳል። ሁለት ወይም ሦስት መስታወት ተደርቦም በመካከሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይታሸግበታል። የመስኮቱ ብቃት የሚለካው ዩ-ፋክተር በሚሉት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚያመልጠው ሙቀት ያንሳል። ነጠላ መስታወት 1 አካባቢ ነው፤ ኢነርጂ ስታር የተባለው ምልክት ግን እንደኛ ላለው ሰሜናዊ ክልል 0.22ና ከዚያ በታች ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ለእማዬ ስተረጉምላት አሰብ አድርጋ፣ "ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ካለ፣ የዋጋውንም እንደዚያው ያድርግልን በለው" አለች።

ሰውየው ሳቀና መስኮቱ ቅንጣት ንፋስ እንደማያስገባ ማለልኝ። እኔ ቅንጣት ንፋስ የማያስገባ መስኮት አክሱም ላይ አውቃለሁ። ወደ ሮም ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመለሰው ባለ 24 ሜትሩ ሐውልት ከታች እስከ ላይ መስኮት ነው፤ ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ድንጋይ የተጠረቡ ስለሆኑ አይከፈቱም፣ አያልባቸውም፣ ገመድ አይበጠስባቸውም። ከዚያ ወዲህ የተሠራ መስኮት ሁሉ ትንሽም ቢሆን ያስገባል። ጥያቄው የት ጋ ነው የሚለው ነው።

ይህን የመለሰው የቶናው ዕጣን ነው። እቤታችን ከሰል አይነድም። ቤቱን ባሸግነው መጠን ጭሱ መውጫ ያጣል፤ የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ዘመድ አያውቅም። ስለዚህ እማዬ የምታጨሰው በኤሌክትሪክ ማጨሻ ነው፤ "ዕጣን ነው ስልክ ነው ሶኬት ላይ የሚሰካው?" እያለች ብታማውም። የዚያን ቀን ረጅም ገመድ አስቀጠለችና ማጨሻውን ይዛ በየመስኮቱ ሥር ትዞር ጀመር። ሰውየው ጸሎት መስሎት ከወንበሩ ተነስቶ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ።

መስኮቱ ጤነኛ ከሆነ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሳሎን ያለው ትልቁ መስኮት ላይ ግን፣ ላይኛውና ታችኛው ክፍል የሚጋጠሙበት ቦታ ሲደርስ ተገፍትሮ ወደ ውስጥ ተበተነ። "ይኸው!" አለች እማዬ። ቀረብ ብዬ ሳይ መቆለፊያው አልዞረም። የዚህ ዓይነት መስኮት ቁልፍ ለሌባ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ሲዞር ሁለቱን ክፍሎች ስቦ ያጣብቃቸዋል። ብረት የተደበቀበት ሣጥን ጋ፣ ክፈፉና ግድግዳው የሚገናኙበት ስንጥቅ ጋም ጭሱ ተበተነ። ይህን ሁሉ የሚያድነው ከሃርድዌር ሱቅ የሚገዛ መድፈኛ ሙጫና ስፖንጅ ጥብጣብ ነው። በጣት እየተጫኑ የሚለጥፉት፣ ብርዱ ሲያልፍ ተላጦ የሚጣል ለስላሳ ገመድም አለ። የውጭው ሥራ ግን ብርዱ ሳይጠና በመስከረምና በጥቅምት ይለቅ፤ ሙጫው ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ብዙውን ጊዜ በደንብ አይዝም። ከመስኮቱ ሥር ያለችውን የውሃ መውጫ ቀዳዳም ስንጥቅ ናት ብላችሁ እንዳትደፍኗት።

አንደኛው መስኮት ላይ ጭሱ እንግዳ ነገር አሳየ። ስንጥቅ የለም፣ ጭሱ ግን በመስታወቱ ፊት ቁልቁል ወረደ። በብርድ መስታወት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ከብዶ ይወርዳል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ንፋስ መታኝ ብሎ ይምላል፣ የመታው ግን የቤቱ የራሱ አየር ነው። ለዚህ ዓይነቱ ስስ ፕላስቲክ በክፈፉ ዙሪያ ተለጥፎ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ይወጠርና በመካከል አየር ያስራል። ባለቤቴ ማድረቂያዋን የሰጠችኝ ሌላ እንደምገዛላት አስምላኝ ነው።

በረካው ሲቀዳ ሰውየው ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ ወጥ ቤት ጠቆመ። መስኮቱ ከላይ እስከ ታች በእንባ ታጥቧል። "ያውልህ፣ ያለቀለት መስኮት ነው" አለኝ። ምድጃው ላይ ከጠዋት ጀምሮ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ይቁላላል። እማዬ ዞር ብላ አየችና፣ "የሚያስለቅሰው ሽንኩርቱ ነው" አለች።

እውነቷን ነው። አሜሪካዊው ጎረቤቴ የቤቱ አየር ደረቀ ብሎ እርጥበት የሚተፋ ማሽን ገዝቷል፤ እኛ ወጥ እንሠራለን፣ እንጀራ እንጋግራለን፣ በዚህ ላይ የማያቋርጥ ሻይ አለ። ውጭው ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የቤት ውስጥ እርጥበት ከ15 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል፤ በበዓል ዋዜማ የኛ ወጥ ቤት ስንት እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ በውስጠኛው ገጽ ላይ ያለ ላብ መጀመሪያ የሚከሰው ቤቱን ነው፤ መድኃኒቱ እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ነው። ወፍራም መጋረጃ ቀኑን ሙሉ ጥርቅም አድርጎ መዝጋትም መስታወቱን ከማሞቂያው ነጥሎ ያስለቅሰዋል፤ በደቡብ በኩል ያለው ቀን ቀን ይከፈት፣ ፀሐይ በነፃ ትግባ። በመኸር ጠዋት ጤዛ በውጭው ገጽ ላይ ከታየ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ ሙቀቱ ወደ ውጭው መስታወት አልደረሰም ማለት ነው።

የሚያስፈራው ሦስተኛው ዓይነት ላብ ነው። የመኝታ ቤታችን መስኮት፣ የቀድሞው ባለቤት በድርብ መስታወት ያስቀየረው፣ ጉም ለብሷል። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ከውስጥ ጠረገችው፣ አልለቀቀም። እኔ በረዶ ረግጬ ወጥቼ ከውጭ ጠረግሁት፣ አልለቀቀም። ጉሙ ያለው በሁለቱ መስታወቶች መካከል ነው፤ እሽጉ ተከፍቷል፣ ጋዙም አምልጧል፣ እርጥበት ገብቷል። የሰውየው ፊት በራ። እዚያም ቢሆን ግን ክፈፉ ጤነኛ ከሆነ የሚቀየረው መስታወቱ ብቻ ነው። ፊቱ ጠቆር አለ። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ግን አላሳፈረውም፤ እማዬ የሽንኩርት ቢላዋዋን ደፉ ላይ ጫን ስታደርገው እስከ እጀታው ሰመጠ። የበሰበሰ እንጨት ሙጫ አያድነውም፤ እሱ ይቀየራል። የተቀሩት 12ቱ ግን ይታከማሉ። አዲስ መስኮት ዋጋውን በማሞቂያ ቁጠባ ብቻ እስኪመልስ ብዙ ጊዜ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ ስንጥቅ የደፈነ ሙጫ ግን ወጪውን ለመመለስ ያን ያህል አያስጠብቅም።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና እዚህ አገር የቆየ ሰው የሚያውቀውን ጨመሩ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ቤት የማሸግ ፕሮግራም አለ፤ ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ይመረምራል፣ ስንጥቁን በነፃ ይደፍናል። በሚኒሶታ ደግሞ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የክፍያ ስምምነት ገብቶ የሚያከብርን ሰው ማሞቂያ መቁረጥ ክልክል ነው። "የኛ ሰው ግን" አሉ ጋሼ፣ "ከመጠየቅ መንቀጥቀጥ ይመርጣል።" እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት የመስኮት ቀለም የሚፍቅ ሁሉ ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት እንደሚችል አስቦ ልጆቹን ያርቅ ብለውም አስጠነቀቁ።

እማዬ ሌላ መፍትሔ ነበራት። "ለምን የመኝታ ቤቱን መስኮት ሁሉ ምስማር አትመቱበትም?" እሳት ቢነሳ በዚያ እንደሚወጣ፣ መከፈት እንዳለበት ሕጉም እንደሚያዝ አስረዳኋት። "እንግዲያው እሳት ካልተነሳ ማንም እንዳይነካው" ብላ ሕጉን አሻሻለችው።

ሰውየው የአንድ መስታወትና የአንድ መስኮት ውል ጻፈ። የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው ሲል እማዬ "የማን ዕድሜ? የኔ፣ ያንተ ወይስ የሱ?" አለች። ወረቀቱን አገላበጠና ዋስትናው እኔ ቤቱን እስካልሸጥኩ ብቻ መሆኑን፣ የመስታወቱ ደግሞ በዓመት የተገደበ መሆኑን በትህትና ነገረን። ጫማውን ሲያጠልቅ ግን ወደ ማጨሻው አየት አድርጎ፣ እሱም ቤት ሚስቱ ብርድ ገባ እያለች እንደምትነዘንዘው፣ ይህ ነገር የት እንደሚሸጥና ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ለእማዬ ተረጎምኩላት። ሲኒውን እየለቀለቀች ቀና ብላ አየችው።

"ቅናሽ አለው በለው" አለች፤ "ዛሬ ብቻ።"