ከመንገድ ዳር አይራቁ

ከአዲስ አበባ ግርግር ወጥተው፣ ገጠር ገብተው፣ ሁለት ላምና አምስት ቀፎ ይዘው ለመኖር ያሰቡ ጌታዬ፣ ሐሳብዎ የሚነቀፍ አይደለም። ዘንድሮ ማኪያቶውን ይዞ «ጎጃም ገብቼ፣ ቁራሽ መሬት ይዤ» የማይል የለም። ቦታ አመራረጥ ላይ ግን ገና ልጅ ሆነው አገኘሁዎ። ውሃው ምን ያህል ያስኬዳል? አፈሩ መረሬ ነው ወይስ ቀይ? ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል? ጎረቤቱ ምን ዓይነት ሰው ነው? ይሄ ሁሉ ጥያቄ! እንዲህ የሚጨነቀው እኮ ገበሬ ነው። ገበሬ ደግሞ ስለ ገጠር ምን ያውቃል? በአገራችን ገጠር ላይ ቦታ የሚመርጠው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ መርጦ ሲያበቃም እዚያ አያድርም።

ሙያውን ለመማር የጥኖራ ይሂዱ። (በሚሄዱበት ሳምንት መንገዱ ክፍት መሆኑን ብቻ ይጠይቁ፤ ዘንድሮ ይሄ ከአፈሩ ጥያቄ ይቀድማል።) ዓባይን ተሻግረው፣ ጠመዝማዛውን በረሃ ወጥተው ደጀን ላይ ብቅ ሲሉ የምሥራቅ ጎጃም ሜዳ ይቀበልዎታል፤ ጤፉም ሽምብራውም ጓያውም የሚወደው ጥቁር አፈር በዚያው ወደ ብቸና ይዘልቃል። የጥኖራ ከደጀን አትርቅም። በደርግ ዘመን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲነሣ ለምሳሌነት የምትጠራ፣ እንግዳ ሲመጣ የምትጎበኝ ባለስም ቀበሌ ነበረች። ለምን የጥኖራ ተመረጠች ይሉኝ ይሆናል። አፈሯ ጥሩ ነው፤ ግን ጥሩ አፈር በብቸና አካባቢ ሞልቶ የተረፈ ነው። እኔ እንደምጠረጥረው ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሣ እንግዳ፣ ምሳው ሳያልፍበት ሶሻሊዝምን ማየት ነበረበት።

ማኅበሩ እንደ እርስዎ «ትንሽ መሬት ትበቃኛለች» ለሚል ሰው ተለክቶ የተሰፋ ነበር። በ1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ደረጃው ሦስት ነው። መጀመሪያ መልባ ይገባሉ፤ መሬትዎን ለማኅበሩ ሰጥተው እስከ 2,000 ካሬ ሜትር ለግልዎ ይተውልዎታል። ጎበዝ ከሆኑ ወደ ወልባ ያድጋሉ፤ በሬዎም ሞፈርዎም የጋራ ይሆንና የግል ቦታዎ ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ከዚያ በላይ ወላንድ አለ፤ እዚያ የደረሰ ሰው የግል መሬት የሚባል ጣጣ ጨርሶ የለበትም። ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ርስቱ ይሰፋል የሚለው የድሮ ሰው አስተሳሰብ ነው፤ እዚህ እድገት በመጣ ቁጥር ጓሮ ይጠባል። ለሥራዎም የሥራ ነጥብ ይያዝልዎታል። ነጥብ እንደ እህል አይነቅዝም፣ አይጥ አይደርስበትም፣ ጎተራ አይፈልግም። አለመጋገሩ ብቻ ነው ችግሩ።

ደግሞ አስገድዶ የሚያስገባዎ የለም፤ ነገሩ በፈቃድ ነው። ማዳበሪያውና ብድሩ ለማኅበሩ ቅድሚያ ሲሄድ፣ ደህና ደህናው ማሳ ለማኅበሩ ሲከለል፣ ፈቃድዎ በራሱ ጊዜ ከተፍ ይላል።

ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመንደር ምሥረታው ዘመቻ በየክፍለ ሀገሩ ተስፋፋ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው አዲስ መንደር ገብቷል። የቦታ መረጣ ጥበብ ጣራ የነካው ያኔ ነውና እዚህ ላይ ልብ ብለው ያዳምጡኝ። ኮሚቴው ይመጣል፤ ገመድ ይዘረጋል፤ ችካል ይመታል። ሽማግሌው ቤቱን ሲሠራ በሩን ከነፋስ አዙሮ፣ ለበረቱ ውሃ የማይተኛበት ተረተር መርጦ፣ ማሳው ከደጁ እንዲታየው አድርጎ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ገመዱ ቀጥ ካለ ሳይንሱ ተሟልቷል። ከዚያ ሽማግሌው ቤቱን ማፍረስ ይጀምራል። የጣሪያው ሣር አርጅቷልና ሲነኩት ይበናል። ወራጁን አንድ ባንድ ይፈታል፤ ቋሚው ሥሩን ምስጥ ስለበላው ሲነቀል ግማሹ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። የተረፈው እንጨት በሰው ትከሻና በአህያ ይጓዛል፤ ጭቃ ጎታው ሁለት ሰው ተሸክሞት ሲወጣ ደጃፍ ላይ ይሰነጠቃል። ምድጃና መደብ እንደሆኑ አይጫኑም። ከሁሉም የማይጫነው ጓሮው ነው፤ ከአያት ጀምሮ አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረ፣ ጎመኑንም ጌሾውንም በቆሎውንም ሳይለመን የሚያበቅል ጓሮ። ኮሚቴው ጓሮን በቅጹ ላይ አላገኘውም።

አዲሱ መንደር ከመንገድ ሲያዩት ያምራል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ቤቱ እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል። ማሳው ስለራቀ በሬው ቀንበር ሳይገባ ይደክማል፤ እህሉን የሚጠብቁት ዝንጀሮና ጃርት ናቸው፤ አንዱ ሣር ቤት እሳት ቢነሣ ጎረቤት ለመተባበር አይቸገርም፣ አብሮ ይነዳል። ውሃ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና መብራት ይከተላሉ ተብሎም ነበር። መከተሉንማ ይከተላሉ፤ እርምጃቸው ዝግ ያለ ሆኖ ነው እንጂ።

ራቅ ያለ አገር ካሰኘዎ ሰፈራ አለልዎ። በ1977ቱ ድርቅ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው በጥድፊያ ወደ ምዕራብ ተጭኗል፤ ያኔ ከጎጃም በነበረው መተከል ውስጥ ፓዌን ማየት ይበቃል። ቦታው ጠፍ ነው፣ ለም ነው፣ ሰው የለበትም ተባለ። ጉሙዞቹ እዚያው ቆመው ይሰሙ ነበር። ደገኛው በሬ በገንዲ፣ ደገኛው ሰው በወባ ሲወድቅ ጥፋቱ የመራጩ አልነበረም፤ ቆላውን ያልለመደው በሬው ነው።

የብቸናና የሞጣ ሰው ግን ለዚህ ሁሉ ውለታ ምስጋና የለውም። አመሉ የቆየ ነው። በ1960 ዓ.ም. የንጉሡ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ብሎ አዋጅ ሲያወጣ፣ ይሄ ሕዝብ ርስቴ ሊለካ ነው ብሎ ጠብመንጃ አነሣ። አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት፤ እሱ እቴ! በመጨረሻ ውዝፍ ግብሩ ተሰረዘለት፣ አገረ ገዢው ፀሐዩ እንቁሥላሴም ተነሡለት። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው ባወጁ ማግሥት ገበሬው የየማኅበሩን መሬትና በሬ ለመካፈል ሳምንታት አልፈጀበትም። አገር ምድሩ ያንን ያማረ ሰልፍ አፍርሶ፣ ቋሚና ወራጁን ተሸክሞ ወደ ድሮ ቤቱ ገሰገሰ። ያለ ገመድ፣ ያለ ችካል፣ ያለ አንድ ስብሰባ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ እንዴት አወቀው? እኔ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ሥርዓት አልበኝነት ነው።

መንግሥት ተለወጠ፤ ገመዱ ግን አልተጣለም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲመጣ፣ ትናንት የቀበሌ ሹም ሆኖ ችካል ያስመታው «ቢሮክራት» ተብሎ አንድ ሄክታር ላይ ቁም ተባለ። ለካ፣ ተለካ። ዛሬም ቢሆን ኩታ ገጠሙ ስንዴ የሚያምረው ከመኪና መስኮት ነው፤ ማሳው ላይ የተተከለው ሰሌዳም ፊቱን የሚያዞረው ወደ አስፋልቱ ነው እንጂ ወደ ገበሬው ቤት አይደለም። ከሰሌዳው ጀርባ ያለውን ማሳ ለማየት መውረድ ያስፈልጋል፤ ክረምት ላይ ደግሞ መረሬ ጫማ ይበላል።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። ቦታውን ቢያገኙ እንኳ መግዛት አይችሉም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የይዞታ ደብተሩም ገጠር ለሚኖርና በእርሻ ለሚተዳደር ነው። ገጠር ለመኖር መሬት ይፈልጋሉ፤ መሬት ለማግኘት ገጠር መኖር አለብዎት። የገበሬው ልጅ ራሱ በአባቱ ሦስት ጥማድ ላይ ከወንድሞቹ ጋር ተፋጥጦ ተቀምጧል፤ እርስዎን ከየት አምጥቶ ያስገባዎት?

ስለዚህ ላሟም ቀፎውም ይቅርብዎ። ይልቅ ኮሚቴው ውስጥ የሚያስገባዎ ሰው ይፈልጉ። ገመዱን የሚይዝ ሌላ ነው፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ከመኪና ወርደው በጣት ማሳየት ብቻ ነው። አበሉ በቀን ይታሰባል፤ አዳሩ ደብረ ማርቆስ ነው።