ከሁለት ሜትር ላይ የተደወለ ደወል

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ የብስክሌት መስመርን ከእግረኛ መንገድ ጎን ሲያነጥፍ፣ አንዲት ትንሽ ደወልም ሥራ አገኘች። ሥራዋ «መጣሁ» ማለት ነው፤ ብዙ ነጂ ግን «ከፊቴ ጥፋ» ያሰኛታል። ክላክስ ሰላምታም፣ ስድብም፣ ጸሎትም በሆነበት ከተማ እሷን ብቻ ጨዋ ሁኚ ማለት ይከብዳል። ይሁንና ሒሳቡን እንየው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሴኮንድ ከ4 ሜትር በላይ ይጓዛል። ከ20 ሜትር ላይ ከደወለ፣ እግረኛው ዞር ብሎ ለማየትና ልጁን ወደ ጎን ለመሳብ 5 ሴኮንድ ገደማ ያገኛል። ከ2 ሜትር ላይ የደወለ ግን ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይሰጥም፤ እንዲህ ያለው ደወል ማስጠንቀቂያ ሳይሆን መርዶ ነው።

«እግረኛው ጆሮውን ደፍኖ ሙዚቃ ይሰማል፤ ደግሞ የገባው በእኛ መስመር ነው» ይባላል። እውነት ነው። ግን ጆሮው የተደፈነ ሰው አጥብቀው ስለደወሉለት አይሰማም፤ ፍሬን ደግሞ ለማያዳምጥም ይሠራል። «ሕግ ይውጣለት» የሚሉም አሉ። እንግሊዝ አገር ሕጉ አዲስ ብስክሌት ከነደወሉ ይሸጥ ይላል፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ቢፈታው ግን ከልካይ የለውም። «ይቅርታ፣ በግራ በኩል ነኝ» የሚለው የአፍ ደወላችን ግን የሚፈታ ብሎን እንኳ የለውም። ችግሩ፣ ይህን ለማለት ትንፋሽ መትረፍ አለበት፤ ትንፋሽ የሚተርፈው ደግሞ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ነው።