ሳላ ለማየት ሄደን

አዋሽ ፓርክ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ «ምንም እንስሳ የለም» ይለኛል። ይህን መስማት ታከተኝ። እንዴት ይታይ? ከአዲስ አበባ አረፋፍደን እንነሳለን፤ አዳማ ቁርስ፣ መተሐራ ቡና እያልን እኩለ ቀን ላይ እንደርሳለን። በዚያ ሐሩር ሳላውም አጋዘኑም ጥላ ፍለጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቷል። እንስሳ የሚታየው በማለዳና አመሻሽ ላይ እንደሆነ ስንቴ ይነገር?

በማለዳ የደረሰውም ቢሆን ሙዚቃውን ለቆት ነው የሚገባው። ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሲግጥ የነበረ ሳላ ቀና ይላል፤ ፊቱ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ጥርት ብሎ የሚታየው ያኔ ነው። ትንሽ ዝም ብንል እኮ ቆሞ ያየን ነበር። አንዱ ግን ስልኩን ይዞ ከመኪና ዘሎ ይወርዳል። የፓርኩ ስካውት «ኧረ ተዉ፣ አትውረዱ!» ቢል ማን ሰምቶት። ሳላው እነዚያን ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቀንዶቹን ይዞ ሽምጥ ይጋልባል፤ ከኋላ የመጣው ቤተሰብም ባዶ ሜዳ አይቶ ይመለሳል።

አዋሽ ፏፏቴ ጋ ደግሞ ለዝንጀሮ ሙዝና ዳቦ ይወረወራል። የለመደ ዝንጀሮ ካልሰጡት ይቀማል፤ ከልጅ እጅ ፌስታል ሲነጥቅ ድንጋይ ይነሳበታል። አስለምደን መልሰን እንወግረዋለን። ባዶ ሃይላንዱን እዚያው ጥለን ነው የምንሄደው።

ፓርኩ ውስጥ ገብቶ በሚግጠው ከብት ላይ ብዙ አልናገርም። የአካባቢው አርብቶ አደር ከርዩ ግጦሹን ያጣው መሬቱ ለአገዳና ለፓርክ ሲከለል ነው፤ በድርቅ ወዴት ይንዳ? እኛ ግን ጠግበን ለመዝናናት የሄድን ሰዎች ነን። እንስሳ ከፓርኩ እንደሚጠፋ ደግሞ ቆርኬ ምስክር ነው፤ በ1960ዎቹ ከሰንቀሌ ቆርኬዎች አምጥተው እዚህ ለቀው ነበር። ዛሬ አንድም የለም። ሳላውም እንዲሁ ይለቅ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አስፋልቱ ነው። ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ፓርኩን ለሁለት ሰንጥቆት ያልፋል። ሌሊት ከባድ መኪና ይበርበታል፤ ጠዋት ጅብ ወይም ቀበሮ ተጨፍልቆ ይገኛል፣ የቀጣዩም መኪና ጎማ ይሄድበታል። ከመተሐራ እስከ አዋሽ ሰባት ከተማ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እሷን ቀስ ብሎ መንዳት ሹፌሩን ምን ያጎድልበታል?