የአንድ ፊት ጥንዶች

ተረት ተረት፤ የላም በረት። በብረታ ብረት አገር ኤሌክትሮን የሚባል ሕዝብ ነበር። ግማሹ ፊቱን ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች አዙሮ ይኖራል። መንገዱ አስቸጋሪ ነው፤ ድንጋዮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ መንገደኛው ይጋጫል፣ በተጋጨ ቁጥርም ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

እ.ኤ.አ. በ1911 በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ፣ ካመርሊንግ ኦነስ የባዜቃን አገር ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ አቀዘቀዙት። ግጭቱ ድንገት ቀረ። ምስጢሩን በ1957 የገለጡት ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ናቸው፦ ወደ ላይ የሚያየው ወደ ታች ከሚያየው ጋር ይጣመራል። የፊተኛው ሲያልፍ ድንጋዮቹ ወደ እሱ ጠጋ ይላሉ፤ ያ መጠጋት የኋለኛውን ይስበዋል። ጥንዶቹ ሁሉ በአንድ እርምጃ ሲሄዱ የሚያደናቅፋቸው የለም።

በሌላ አገር ደግሞ ንጉሥ ማግኔት ነግሦ ነበር። ሕጉ አጭር ነው፦ ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ ያዙር። ወደ ታች የሚያየውን አንገቱን ይዞ ያዞረዋል፤ ጥንዶቹም ይለያያሉ። ስለዚህ የአገር ሽማግሌዎች «ንጉሡና ጥንዶቹ በአንድ ቤት አያድሩም» ብለው ፈረዱ። የሶቭየቱ ሊቅ ቪታሊ ጊንዝቡርግ በ1950ዎቹ ያሰሉትም ወደዚያው ያደላ ነበር። በሚያውቋቸው ጥንዶች ላይ ፍርዱ ልክ ነው። ሌላ ዓይነት ጥንድ ይኖር እንደሆነ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

ለአንድ ዩራኒየም ሁለት ጀርማኒየም በሚደርስባት ትንሽ አገር ንጉሡ ለፍጹም ዜሮ 52 ዲግሪ ሲቀር ዘውድ ይጭናል። ኑሮ የከበዳቸው «ንጉሡ ይጨፍለቅ፤ እሱ ሲወድቅ እንሄዳለን» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የካምብሪጅና የግረኖብል ተመራማሪዎች አገሪቱን ጨመቋት። ጫናው የአየራችንን ግፊት 10 ሺህ እጥፍ ገደማ ሲያህል፣ ከፍጹም ዜሮ አንድ ዲግሪ በማይርቅ ብርድ፣ ጥንዶች ያለ ግጭት መሄድ ጀመሩ። ንጉሡ ግን ዙፋኑ ላይ ነበር! ሕዝቡ በደስታ «እንግዲያው ጨርሱት!» አለ። ጫናው ወደ 16 ሺህ ሲጠጋ ንጉሡ ወደቀ። ጉዞውም አብሮት ቀረ።

ከፈረዱት ሽማግሌዎች አንዱ ደንግጠው ከመንገደኞቹ አንዲት ልጅ አስጠሩ።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነበር የምትሄጂው?»

«ፊቱ እንደ እኔ ከዞረ ጋር፣ አባባ።»

«የፓውሊ ሕግስ? አንድ ፊት ያላቸው ሁለቱ አንድ ቦታ አይቆሙም ይላል እኮ!»

«አልቆምንማ። ርቀታችንን ጠብቀን፣ አንዳችን ሌላችንን እየዞርን ነው የሄድነው። ንጉሡ አንገታችንን ሊያዞር ቢመጣ ምኑን ያዞራል? እኛ ቀድመን ዞረናል።»

«ያጣመራችሁስ ማነው? ድንጋዮቹ ናቸው?»

«አይደሉም። የንጉሡ ሕዝብ መወዛወዝ ነው። አንዱ ዘንበል ሲል ጎረቤቱም አብሮት ዘንበል ይላል፤ ያ ነው ያቀራረበን። እሱ ሲወድቅ የሚያቀራርበን ጠፋ።»

ልጅቷ ያለችውን ዛሬ ብዙዎቹ የፊዚክስ ሰዎች ይጋሩታል። እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ግን ዙፋኑን የተሸከሙትና መንገዱን የሚሄዱት ሁለት ወገን አለመሆናቸው ነው። እነዚያው የዩራኒየም ኤሌክትሮኖች ሁለቱንም ይሠራሉ። «ጨርሱት» ብለው ሲጮኹ በራሳቸው እግር ላይ እየፈረዱ ነበር።

ሽማግሌው ይህን ከሰሙ በኋላ ዩራኒየም፣ ሮዲየምና ጀርማኒየም ወደሚኖሩባት ጎረቤት አገር ወረዱ። እዚያ ጥንዶቹ ጨማቂ ሳያስፈልጋቸው በንጉሡ ግዛት እንደሚሄዱ በ2001 ታውቋል። በ2005 የግረኖብል ሰዎች ከውጭ ሌላ ብርቱ ማግኔት አመጡባቸው። ኃይሉ 2 ቴስላ ገደማ ሲሆን ጉዞው ተቋረጠ። ሽማግሌው «ይኸው፣ አላልኩም?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አቅጣጫው ሳይለወጥ ኃይሉ ሲጨምርና 8 ቴስላ ሲደርስ ግን ጥንዶቹ ተነስተው መንገዱን ያዙት፤ እስከ 13 ድረስም አላቆሙም።

ሽማግሌው ወደ ሸንጎ ተመልሰው የቀድሞውን ፍርድ አስመጡ። አልቀደዱትም። «ንጉሡና ጥንዶቹ በአንድ ቤት አያድሩም» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት በራሳቸው እጅ «ጥንዶቹ ተቃራኒ ፊት ካላቸው» ብለው ጻፉበት፤ ልጅቷንም ምስክር አድርገው አስፈረሟት።