ቀዩ ነው አረንጓዴው?

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት መካኒክ እንዳለ ማወቅ የፈለገ መንገድ ዳር ኮፈን ከፍቶ ይቁም። ሊስትሮው ብሩሹን ጥሎ ይመጣል። የባንኩ ጥበቃ ይመጣል። ሎተሪ አዟሪው ዕጣውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ያጎነብሳል። "ውሃ ነው የጎደላት" ይላል አንዱ፤ እዚህ ላይ ሁሉም ይስማማል። ጭቅጭቁ የሚነሳው "የምን ውሃ?" ሲባል ነው።

የቧንቧ የሚል አለ። የቧንቧው ክሎሪን አለበት፣ የታሸገ ግዛ የሚልም አለ፤ ለራሱ ከቧንቧ የሚጠጣ ሰው ለኔ መኪና አይሰስትም። የባትሪ ውሃ የሚለው ቀለም የቀመሰ ነው። "ኩላንት ብቻ፣ ውሃ የሚባል እንዳይነካት!" የሚለው ደግሞ አክራሪው ነው፤ ብዙ ጊዜ መኪና የለውም።

አክራሪውን ሰምቼ መለዋወጫ ሱቅ ስገባ ሻጩ ከስልኩ ቀና ሳይል "ቀዩ ነው አረንጓዴው?" ይለኛል። ይቺን ጥያቄ ነው መተው ያቃተኝ። ቀለሙ እኮ ፋብሪካው የጨመረው ማቅለሚያ ነው! ቶዮታ ቀይ ሲያደርገው ኖሮ በኋላ ሮዝ አመጣ፤ ሌላው አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ ይነክረዋል። ሁሉንም የሚያስገድድ የቀለም ደንብ የለም። ቁም ነገሩ ውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ ነው፤ አንዱ በሲሊኬት፣ ሌላው በኦርጋኒክ አሲድ ይሠራል፤ ሲደባለቁ አንዱ የሌላውን ዕድሜ ያሳጥራል። አንዳንዱ ጀሪካን ደግሞ ወፍራሙ ስለሆነ በእኩል ውሃ ይበጠበጣል፤ ሌላው ፋብሪካው ራሱ በጥብጦ የላከው ስለሆነ ጠብታ አይጨመርበትም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጀርባው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ በጃፓንኛ። ይህን ሁሉ ለሻጩ ዘርዝሬ ስጨርስ፣ የጊዮርጊስ ነህ የቡና እንደሚል ሰው አፍጥጦ፣ "ታዲያ ቀዩ ነው አረንጓዴው?" አለኝ።

ለነገሩ ይህች ከተማ ከትኩስ ውሃ ጋር የተያያዘችው ከመወለዷ ጀምሮ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነው። እንጦጦ ላይ አጥንት የሚሰብር ነፋስ፣ ታች ያለ ማገዶ የሚፍለቀለቅ ውሃ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? መኳንንቱም ተከተሉ፣ ሠራዊቱም ተከተለ፣ እኛም ተከተልን። ያን ጊዜ ስለ ራዲያተር የሚያስብ አልነበረም። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ምጽዋ ላይ 100 ዲግሪ ጠብቆ የሚፈላ ውሃ እዚህ 92 ገደማ ላይ ይንተከተካል። ባቄላችን አልበስል የሚለው ለዚህ ነው፤ ሞተር ደግሞ በደህና ቀኑ የሚሠራው 90 አካባቢ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ አስቧት። የሚያተርፈን ክዳኑ ነው፤ አናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈው ግፊቱ ነው፤ አፍኖ ይዞ መፍያውን ከ20 ዲግሪ በላይ ይገፋዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን የገጠመ ሰው ግን ኮፈኑ ሥር የግሉን ፍል ውሃ ይዞ ይዞራል። ከዚያ ሁሉ አማካሪ መካከል "ክዳኑን እስቲ እየው" ያለኝ አንድም የለም።

መካኒኬ ደግሞ ክርክሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። "ወንድሜ፣ ኩላንት በረዶ ላለበት አገር ነው፤ ለኛ አገር ውሃ ይበቃል።" ይህን ብሎ ቢያቆም ጥሩ። ቴርሞስታቱንም "ለኛ አገር አያስፈልግም" ብሎ ነቅሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ቅርስ ያስረክብሃል። ከዚያ ሞተሩ ኅዳር ጠዋት ላይ መሞቅ አቅቶት ቤንዚን ይጠጣል።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አልሙኒየም የማን አገር ሰው ነው? የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም በማንኪያ ፍቀናል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ሲጋገር ማን ይፍቀዋል? ቱቦው ሲደፈን ሞተሩ ይግላል፣ ሞተሩ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፣ የተጣመመውን የሚያስተካክለው ያው "ለኛ አገር" ያለኝ ሰው ነው። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ለኛ አገር አይደለም፤ "ዶላር ጨምሯል" ነው። ካታሊስቱ ለኛ አገር አይሆንም ተብሎ ተነቀለ። የኋላ ቀበቶው ወንበር ሥር ተቀበረ። አንድ ዕቃ የተሠራበትን ምክንያት ለማንበብ የሰነፈ ሁሉ ድንበራችንን ምስክር ይጠራል። ከሠሪው የበለጠ ስለምናውቅ ነው ወይስ ጥሩ ነገር አይገባንም ብለን ተስማምተን ነው?

ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ቡና ሳያጠጣኝ አይሸኘኝም። ሙያውን የለመደው በጭነት መኪና ረዳትነት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ፣ መኪናው በፈላ ቁጥር ጀሪካን ይዞ የሚሮጠው እሱ ነበር። ከአባይ በረሃ ወንዝ ቀድቶ ሞተር ያስነሳ ሰው ፊት ስለ ኦርጋኒክ አሲድ ማውራት ትንሽ ያሳፍራል።

የዝናብ ውሃም አለ፤ ድንጋይ ስላልነካ ቅርፊት አይተውም፣ ሳሙና ወዲያው አረፋ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ክረምቱን በበርሜል አጠራቅመዋል። ከቆርቆሮ ላይ የወረደ ነው፤ ያ ቆርቆሮ ዛጉ ስንት እንደሆነ ከመስኮቴ ይታየኛል፤ ቢሆንም ጠየቅኋቸው። "ለነጠላዬ ነው ያስቀመጥኩት" አሉና በርሜሉን ከደኑ። ወዲያው ግን ጠርተው መለሱኝ፤ የባትሪ ውሃ ልገዛ የምሄድ ከሆነ ለሳቸውም እንዳመጣላቸው። ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸው የእንፋሎት ካውያ ልብስ ላይ ነጭ ነጭ ይተፋ ጀምሯል። "አደራ፣ አሲዱን እንዳይሰጡህ" አሉኝ። እኔ ደግሞ አሁን የምጨነቀው ስለ ካውያው ሆኗል፤ እሱም ክዳን አለው።