በሆሳዕና ሙቀት ፀንቷል

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐምሌ ላይ በማለዳ ሱቁን የሚከፍት ሰው ቁልፉን ከማውጣቱ በፊት እጁን ሲያሻሽ ታገኙታላችሁ። ዱራሜም ብትሉ ከአምበርቾ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጋቢ የሚያስጥል አይደለም። በእነዚህ ከተሞች ሙቀት የበረታበት አንድ ስፍራ መገኘቱ እንግዲህ ሊያስደስተን ይገባል፤ እሱም የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሆድ ነው። ባለሙያዎቻችን ደርሰውበታል። ኮምፒውተሩ ቀርፈፍ አለ? ሙቀት ነው። ቪዲዮው ቆም ቆም ይላል? ሙቀት ነው። መብራት ሄዶ ጠፋ? እሱም ቢሆን ሙቀት ሳይኖርበት አይቀርም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ትልቅ ኩለር ማስገጠም።

ትልቅ ሲባል ደግሞ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ኖክቱዋ የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ኤንኤች-ዲ15 ከነፋኖቹ 1,320 ግራም ይመዝናል፤ ቁመቱ 16.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የተሠራው ብዙ ኃይል ለሚበሉ ፕሮሰሰሮች ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ግንብ የሚያርፈው ግን የባዕድ አገር ቢሮ ተገልግሎበት በመርካቶ በኩል በደረሰን ዴል ኦፕቲፕሌክስ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ኮር አይ5-6500 የተመደበለት 65 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣዳችን ከ3,000 ዋት በላይ ሲጎትት ኖሮ ፋን ይተከልለት ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። ቀጭኑ ኦፕቲፕሌክስ ደግሞ ወርዱ 9.3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 16.5ን 9.3 ውስጥ ማስገባት ሒሳብ የተማረን ሰው ያስጨንቃል፤ የእኛ ባለሙያ ክዳኑን አውልቆ ግድግዳ ሥር ያስደግፈዋል፣ አለቀ።

አገጣጠሙም ጥበብ አለው። አሮጌው ኩለር ይነቀልና በክንፎቹ መሃል የተጋገረው የሦስት ዓመት አቧራ፣ ከሥሩም ደርቆ የተሰነጣጠቀው የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ለአፍታ ይታያል። ይህች አፍታ አደገኛ ናት፤ ደንበኛው «ታዲያ ይኼ ቢጠረግስ?» ሊል ይችላል። ስለዚህ ማስረጃው ቶሎ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ከአዲሱ ፔስት አንድ ጠብታ ትበቃ ነበር፤ ሰው የከፈለበትን ማየት አለበትና ቱቦው እስኪያልቅ ይጨመቃል። ከኩለሩ ሥር የተለጠፈችው፣ ከመግጠም በፊት ትላጥ ዘንድ የተጻፈባት ላስቲክ አትነካም፤ አዲስ ዕቃ ማን ያበላሻል? ከማዘርቦርዱ ጀርባ የሚገባው ብረት ከዴሉ ቀዳዳ ጋር አልገጥም ካለ ካቻቪቴ አለ፣ እሱም እምቢ ካለ ሽቦ አለ። የፋኑ ሶኬት የዴል ስላልሆነ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር «ፋኔ የለም» እያለ አቤት ይላል። ለዚህም መልስ አለ፦ «ኤፍ1 ተጫንና እለፈው፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ክዳን አልባው ኮምፒውተር፣ ባለ ቀለም መብራቱ እየተንቦገቦገ፣ የሱቁ በር ፊት ለፊት ይቀመጣል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የሚነሳውን አቧራ ድሮ ትንሹ ፋን ብቻውን እየለቀመ ይደክም ነበር፤ አሁን በሁለት ትልልቅ ፋን ይሳባል። ይህን እድገት የሚክድ ምቀኛ ነው።

የባለሙያዎቻችን ሙግት ሳይንስ የለውም አልልም። «ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት አይሸከምም» ይላሉ። እውነት ነው፤ በሆሳዕና ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያው አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ግን ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተው ስለሚከራከሩ አይሰማቸውም። ኮር ቴምፕ የሚባል በነፃ የሚወርድ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ሙቀት በደቂቃ ውስጥ በቁጥር ያሳያል፤ ይህ ፕሮሰሰር ሙቀት በርትቶበት ራሱን ማዝገም የሚጀምረው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። መለካት ግን ክፉ ልማድ ነው። 55 ቢልስ? ምን ሊሸጥ ነው?

ጥር መጥቶ የሰርግ ቪዲዮ ሲከመር የኤዲተሩን እንቅልፍ የሚነሳው አራት ጊጋ ራምና እየተንቋቋ የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። በኩለሩ ዋጋ ኤስኤስዲ ተገዝቶ ለብሎወርና ለፔስት ይተርፍ ነበር። ግን ኤስኤስዲ ምን ይሠራል? አይታይ፣ አይበራ፣ አይሽከረከር። የደንበኛው ወንድም ጆሃንስበርግ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ያጠራቀመውን ልኮ፣ «እስቲ በቪዲዮ አሳየኝ» ሲል መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ሳጥን ይታየው?

ሺንሺቾ ድረስ የሚጓዝ ደንበኛም አለ። ከአንድ ኪሎ በላይ ብረት በቆመ ማዘርቦርድ ላይ ተንጠልጥሎ በሚኒባስ ሲንገጫገጭ ቦርዱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ኩለር ለመንገድ ይፈታል፣ ወይም ኮምፒውተሩ በጎኑ ይተኛል። የእኛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከተኛ መብራቱ ለተሳፋሪ አይታይም።

ሰሞኑን ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው መቅርፈፉ ስለቀጠለ አዲስ ምርመራ ተደርጎለታል። ውጤቱ ወጥቷል፦ ሙቀት ነው። የአየር ኩለር አልቻለውም፤ የውሃ ያስፈልገዋል። ጆሃንስበርግ ተደውሏል።